የጋራ ገጽ እንደ ድርሰት፤ በአማርኛ ዊኪፔዲያ የሥነ ጽሑፍ ገጾች አጻጻፍና አደረጃጀት ላይ የቀረበ ሒስ

1. መግቢያ

ሥነ ጽሑፋዊ ሒስ በልማድ የሚቀርበው ደራሲው በሚታወቅ፣ ተጽፎ ባለቀና በታተመ ሥራ ላይ ነው። ኀያሲው ልብ ወለዱን ወይም የግጥም መድበሉን አንብቦ አስተያየቱን ሲጽፍ፣ ነገ መጽሐፉን መልሶ ቢገልጠው ትናንት ያነበበውን ዐረፍተ ነገር እዚያው ገጽ ላይ እንደሚያገኘው ይተማመናል። ጥፋት ቢያይ የሚወቅሰው፣ ሙያ ቢያይ የሚያመሰግነው ሰውም አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው የድርሰት ዐይነት ግን ሁለቱም የሉትም። ደራሲው ብዙ ነው፤ ብዙ ብቻም ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በብዕር ስም የተሰወረ ነው። ሥራውም አላለቀም፤ ማንም አንባቢ ብዕሩን አንሥቶ ሊሰርዘው፣ ሊደልዘው፣ ሊያሰፋው ይችላል። ይህ ድርሰት ዊኪ እየተባለ የሚጠራው የጋራ መድበል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመረጠው በአማርኛ ከሚገኙት የዚህ ዐይነት ሥራዎች ሰፊውን፣ ማለትም የአማርኛውን ዊኪፔዲያ ነው። ከዚያም ውስጥ ትኩረቱ ሥነ ጽሑፍን፣ ሥነ ቃልንና ደራስያንን በሚመለከቱት ገጾች ላይ ብቻ ነው። የሚነሡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ብዙ እጅ የነካው ገጽ እንደ ድርሰት ሊመዘን ይችላልን? ሁለተኛ፣ ገጾቹን ማደራጀት፣ ማለትም ርእስ መስጠት፣ በየመደቡ መመደብና እርስ በርስ ማያያዝ፣ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው ወይስ የደራሲነት ሥራ? ሦስተኛ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች ለዚህ ሥራ ያላቸው ግዴታ ምንድን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ በግል የሚነካ ስለሆነ በስተመጨረሻ ራሱን ችሎ ይቀርባል።

2. ስለ ዊኪ አነሣሥ በአጭሩ

የመጀመሪያውን ዊኪ ያዘጋጀው አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ባለሙያ ዋርድ ከኒንግሃም ነው፤ ጊዜውም መጋቢት 1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1995) ነበር። ስሙን የወሰደው በሃዋይ ቋንቋ «ፈጣን» የሚል ትርጉም ካለው ቃል ሲሆን፣ ቃሉን ያገኘው በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን ከሚያመላልሰው አውቶቡስ ስም ነው። ፍጥነቱ ያለው አንባቢ ያየውን ስሕተት አዘጋጅ ሳይጠይቅ ወዲያው ማረም በመቻሉ ላይ ነው።

ይህ ስልት ለመድበለ ዕውቀት አገልግሎት የዋለው በሽንፈት በር ገብቶ ነው ማለት ይቻላል። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2000) ኑፒዲያ የተባለ መድበለ ዕውቀት ጀምረው ነበር። ጽሑፎቹን ሊቃውንት ይጽፉአቸዋል፤ ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ በሰባት ደረጃ ያጣሩአቸዋል። ወንፊቱ ጠባብ በመሆኑ እስከ ፍጻሜው ድረስ አልፈው የወጡት ጽሑፎች ከ30 ያነሱ ናቸው። ዊኪፔዲያ በጥር 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) የተጀመረው ለዚሁ ሥራ መጋቢ እንዲሆን ታስቦ ሲሆን፣ ጥቂት ሳይቆይ አሳዳጊውን በልጦ ተገኘ። ሳንገር በኋላ ወጥቶ ጸሐፊዎች በእውነተኛ ስማቸው የሚሠሩበትን ሲቲዘንዲየም የተባለ መድበል በ1999 ዓ.ም. ለሕዝብ ቢከፍትም ብዙ አልሰፋም። በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው ስኮላርፔዲያ ደግሞ መካከለኛውን መንገድ ይዟል፤ ገጹን የሚጽፈው የታወቀ ባለሙያ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገውም ለውጥ ኀላፊነቱን በያዘው ሰው ይታያል።

ከዚህ አጭር ታሪክ መረዳት የሚቻለው ክርክሩ «ሊቅ ይጻፍ ወይስ ማንም ይጻፍ» በሚለው ብቻ የሚያልቅ አለመሆኑን ነው። ሊቃውንቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ሥራው አልገፋ አለ፤ ማንም ሲገባበት ሰፋ፤ ሲሰፋ ግን የሚያቀናጀው አስፈለገ። የማቀናጀት ጥያቄ የመጣው ከስፋት ጋር ነው።

3. የጋራ ድርሰት በእኛ ዘንድ

ብዙ እጅ የነካው ጽሑፍ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ለዚህ ሁለት ማስረጃዎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የአንድምታ ትርጓሜ ነው። የግዕዙን መጽሐፍ በአማርኛ የሚያብራራው ይህ ሥራ በቃል ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረና በየጊዜው የተጨመረበት ነው። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉ ወገኖችም አሉት። ደራሲው አንድ ሰው ነው ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ሥርዐት የለሽ አይደለም፤ አዲሱ ፍቺ «አንድም» ብሎ ከአሮጌው ጎን ይሰለፋል እንጂ አሮጌውን አያጠፋውም። አንባቢው ሁለቱንም፣ ሦስቱንም ፍቺ በአንድ ገጽ ያያል።

ሁለተኛው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። ሥራውን መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ዕድሜአቸውን ፈጸሙበት፤ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። በዚህ የሦስት ትውልድ ሥራ የአለቃ ደስታ ድርሻ «ማሰናዳት» ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ እርሳቸው ባይኖሩ ብራናው ተጠቅልሎ በቀረ ነበር። ከዚህም በላይ መዝገበ ቃላቱ በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ መደራጀቱ የይዘት ጉዳይ ነው። ደራስያኑ ስለ ፊደል ጥንተ ተራ ያላቸውን አቋም ገና አንድ ቃል ሳይፈቱ በድርድሩ ብቻ ተናግረዋል። አደረጃጀት ክርክር ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ዊኪን ከአንድምታ የሚለየው ዋና ነገር ልዩነትን የሚያስተናግድበት መንገድ ነው። አንድምታ ልዩነቱን ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል። ዊኪ ግን ለአንባቢ የሚያሳየው አንድ የተስማማ የሚመስል ጽሑፍ ነው፤ የተሰረዘው፣ የተጨመረው፣ የተሟገተው ሁሉ ከጀርባ ባለው የለውጥ ታሪክና «ውይይት» በሚባለው ገጽ ውስጥ ተከቷል። ስለዚህ የዊኪን ገጽ ፊቱን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ኀያሲ ግማሹን ድርሰት ሳያነብ የፈረደ ነው። ይህ ነጥብ በክፍል 7 ይመለሳል።

4. የገጾቹ ድርሰታዊ ይዞታ

የአማርኛው ዊኪፔዲያ ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። የገጾቹ ብዛት 15 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። ይሁን እንጂ በቁጥር ማነጻጸር ለሒስ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው የገጾቹን ዐይነት ማየት ነው፤ ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ የያዙ፣ ተጀምረው የቀሩ ናቸው።

4.1 የምሳሌያዊ አነጋገር ገጾች

ሥነ ቃልን ለሚያጠና ሰው ወዲያው ጎልቶ የሚታየው የምሳሌያዊ አነጋገሮች ብዛት ነው። እጅግ ብዙ ተረትና ምሳሌዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ገጽ ተሰጥቷቸዋል። የሰብሳቢዎቹ ትጋት የሚመሰገን ነው። ችግሩ ገጹ ከተከፈተ በኋላ በውስጡ የሚገኘው ራሱ ምሳሌው መሆኑ ላይ ነው፤ ርእሱ ይደገማል፣ የአማርኛ ምሳሌ መሆኑ ይነገራል፣ ከዚያ በላይ ብዙ ጊዜ የለም።

ምሳሌያዊ አነጋገር በባሕርዩ ብቻውን የሚቆም ድርሰት አይደለም። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውና «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ፊት ለፊት ይጋጫሉ። በየገጻቸው ተነጣጥለው ሲቀመጡ ግጭቱ አይታይም፤ አንባቢው አንዱን አንብቦ «አማራጩ ዝምታ ነው» ብሎ ይሄዳል፣ ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ይዞ። ቋንቋው የሚያውቀው ግን ሁለቱንም ነው፤ የትኛው እንደሚነገር የሚወስነው ማን ለማን፣ በምን ጊዜ ተናገረው የሚለው ነው። ሽማግሌ ወጣቱን ሲገሥጽ የመጀመሪያውን፣ ወዳጅ ወዳጁን ለአቤቱታ ሲገፋፋ ሁለተኛውን ይመርጣል።

የጋራ ሥራን ለማወደስ ሁልጊዜ የሚጠቀሰውን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ብንወስድ፣ አንድ ጥሩ ገጽ ቢያንስ አራት ነገሮችን ሊይዝ ይገባዋል። አንደኛ፣ የአነጋገሩን ልዩ ልዩ መልኮች፤ «ቢያብር» የሚሉ አሉ፣ «ሲያብር» የሚሉም አሉ፤ የመጀመሪያው ሁኔታን፣ ሁለተኛው ልማድን ያመለክታል። ሁለተኛ፣ ቅርጹን፤ «ቢያብር» እና «ያስር» ቤት መምታታቸው፣ ግሡም ተቆርጦ «ያስራል» በማለት ፈንታ «ያስር» መባሉ አነጋገሩ በቃል እንዲያዝ የሚያደርግ ብልኀት ነው። ሦስተኛ፣ ዐውዱን፤ ለመዋጮ፣ ለደቦ፣ ለዕድር፣ ለፖለቲካ ቅስቀሳ። አራተኛ፣ ከሌሎች ጋር ያለውን ዝምድና፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ከሚለው ጋር ይመሳሰላል፣ ግን አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ደካሞች ተባብረው ብርቱን ስለማሸነፋቸው ሲናገር፣ ሁለተኛው ብርቱ ራሱ ብቻውን እንደማይበቃ ይናገራል። እነዚህን አራት ነገሮች ለመጻፍ ትልቅ ምርምር አያስፈልግም። የአማርኛ ሥነ ቃል ኮርስ የወሰደ ማንኛውም ተማሪ በአንድ ከሰዓት ሊጽፋቸው ይችላል።

መፍትሔው ግን ሁሉንም ገጾች አንድ በአንድ ማስፋት አይደለም። ብዙዎቹ ምሳሌዎች በርእሰ ጉዳይ ተሰብስበው፣ ማለትም የንግግርና የዝምታ፣ የጉርብትና፣ የፍርድ፣ የድኅነት እየተባሉ፣ በየአንድ ገጽ ቢቀመጡ የሚጋጩት ይጋጫሉ፣ የሚደጋገፉት ይደጋገፋሉ። ገጽ መቀነስ አንዳንድ ጊዜ ዕውቀት መጨመር ነው።

4.2 የደራስያን ገጾች

በደራስያን ላይ በሚጻፉ የጋራ ገጾች የሚታየው ችግር ሌላ ነው። እዚህ ያለው የድምፅ ችግር ነው። አንዱ ጸሐፊ የቀብር ሥነ ሥርዐት ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ዐይነት ቋንቋ ይዞ ይመጣል፤ ደራሲው «አንቱ የተባሉ»፣ «ብርቅዬ»፣ «የጥበብ ሰው» ይሆናሉ። ሁለተኛው ከጋዜጣ ቃለ ምልልስ ይወስዳል። ሦስተኛው ከእንግሊዝኛ ይተረጉማል፤ ዐረፍተ ነገሩም «እርሱ የተወለደው ነበር» በሚል ያልተዋጠ አገባብ ይታወቃል። በመጀመሪያው አንቀጽ «እርሳቸው» የተባሉት ደራሲ በሦስተኛው «እሱ» ይሆናሉ።

ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር አይደለም። በአማርኛ «እርሱ» እና «እርሳቸው» መካከል መምረጥ አቋም መያዝ ነው። መድበለ ዕውቀት ሚዛናዊ መሆን አለበት የሚለው የዊኪፔዲያ መርሕ በእንግሊዝኛ ሲተገበር የአክብሮት ተውላጠ ስም አያስጨንቀውም። በአማርኛ ግን «አንቱታ» ለማን ይሰጣል? ለአዛውንቱ ደራሲ ተሰጥቶ ለወጣቷ ገጣሚ ቢነፈግ ሚዛኑ ወዴት አጋደለ? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው፣ በሕይወት ያሉትንም ያለፉትንም ደራስያን ሁሉ ያለ ልዩነት በአንድ የአክብሮት ደረጃ መጥራትና ማወደሻ ቅጽሎችን ማውጣት ይሻላል። አክብሮት የሰዋስው ጉዳይ ሆኖ ለሁሉም ሲዳረስ ማዳላቱ ይቀራል።

5. የአደረጃጀት ችግሮች

5.1 ርእስና ሆሄ

የዊኪ ገጽ የሚገኘው በርእሱ ነው። አንባቢው በፈለገበት ሆሄ ካልተገኘ፣ ለዚያ አንባቢ ገጹ የለም። በአማርኛ ደግሞ ድምፃቸው አንድ የሆነ ሆሄያት መኖራቸው ይታወቃል። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ቃል ብንወስድ «ሥ» በሁለት፣ «ጽ» በሁለት፣ «ሑ» በሦስት ሆሄ ሊጻፉ ይችላሉ፤ ይህ 12 አጻጻፍ ይሰጣል። ሁለቱ ቃላት ተነጣጥለው ወይም ተጋጥመው መጻፋቸው ሲጨመር 24 ይሆናል። አንዱ ትክክል ሌላው ስሕተት ነው የሚለው ክርክር የቋንቋ ሊቃውንት ድርሻ ነው፤ አንባቢው ግን በ24ቱም በር ሊመጣ ይችላል።

የዚህ መድኃኒት «መምሪያ መንገድ» የሚባለው ነው፤ ማለትም ይዘት የሌለው፣ አንባቢውን ወደ ዋናው ርእስ የሚያደርስ ገጽ። ይህ ሥራ ማንም የማያመሰግነው፣ የጸሐፊ ስም የማያስጠራ ነው። ካልተሠራ ግን የሚከተለው ጉዳት ከባድ ነው። አንዱ «ሐዲስ አለማየሁ» ብሎ ፈልጎ ሲያጣ፣ ገጽ የለም ብሎ አዲስ ይጀምራል፤ ሌላው በ«ሀዲስ አለማየሁ» የጀመረው እዚያ ማዶ ተቀምጧል። አንድ የሚሆነው ዕውቀት ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ይከሳሉ።

5.2 ስምና ማዕረግ

የኢትዮጵያውያን ስም የቤተሰብ ስም የለውም። የውጭውን ልማድ የተከተለ መለጠፊያ ግን ሁለተኛውን ስም ወደፊት አምጥቶ ይደረድራል፤ እንዲህ ሲሆን ደራሲው በአባታቸው ስም ተራ ይገባሉ። በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ ከእ.ኤ.አ. 2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም መደርደሩ በዚህ ረገድ የሚከተሉት ሥርዐት ነው። ማዕረግም እንዲሁ ነው፤ «ብላቴን ጌታ»፣ «አለቃ»፣ «ቀኛዝማች» በርእሱ መግቢያ ላይ ከዋለ አሥር ብላቴን ጌቶች በአንድ ፊደል ሥር ይሰበሰባሉ፣ ስማቸው ይጠፋል። ማዕረግ በገጹ ውስጥ ይነገር፤ ርእሱ ግን ስሙ ይሁን።

5.3 የዘመን አቆጣጠር

ከሁሉም የከፋው የዘመን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ታሪክን ይፈጥራል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በውጭ ቋንቋ የተጻፉ ጥናቶች እ.ኤ.አ. 1965 ወይም 1966 ይሉታል። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ «1965 ዓ.ም.» ቢል ልብ ወለዱ በአብዮቱ ዋዜማ የተጻፈ ይሆናል፤ አንባቢውም ሥራውን እንደዚያው አድርጎ ይተረጉመዋል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ደግሞ የበለጠ አደጋ አለበት። መጽሐፉ የወጣው በ1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1983) ነው፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. የደረሱበት ጠፋ። «1983» የሚለው ቁጥር ያለ ምልክት ቢቀር፣ የአማርኛ አንባቢ የሚረዳው ደርግ የወደቀበትን ዓመት ነው። ደራሲውን ሕይወት ያስከፈለው ነው የሚባለው መጽሐፍ፣ መንግሥቱ ሲያበቃ እንደወጣ መጽሐፍ ይቆጠራል። በአንድ ያልታረመ ቁጥር ድፍረቱ ይፋቃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ማኖር የአራሚ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ ለሟች የሚከፈል ዕዳ ነው።

6. የምንጭ ጥያቄ

ዊኪፔዲያ ሦስት ዋና መርሖች አሉት፤ ሚዛናዊነት፣ ሊረጋገጥ መቻልና የራስን አዲስ ጥናት አለማቅረብ። ሦስተኛው መርሕ ለኀያሲ አስቸጋሪ ነው። ኀያሲው ስለ አንድ ልብ ወለድ ያገኘውን አዲስ ንባብ በዊኪ ገጽ ላይ መጻፍ አይችልም፤ መጻፍ የሚችለው ሌሎች አሳትመው ያወጡትን ንባብ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ሒስ በስም የሚወጣ፣ ስሙን ይዞ የሚሟገት ሥራ ነው፤ ቦታውም እንዲህ ያለው መጽሔት ነው።

አስቸጋሪ የሚሆነው ሁለተኛው መርሕ ነው። ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ የተጻፈው ዕውቀት ትልቁ ክፍል የታተመ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ የቀረቡ የመመረቂያ ጽሑፎች በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። አንድ ተማሪ ስለ አንድ ደራሲ ሊጽፍ ሲነሣ እጁ የሚገባው የጋዜጣ ቁራጭና የእንግሊዝኛ ጥናት ነው፤ በገዛ ትምህርት ክፍሉ፣ በገዛ ቋንቋው የተጻፈው ግን ሊጠቀስ በማይችልበት ሁኔታ ተቀምጧል። ከዚያ «በአማርኛ ምንጭ የለም» ይባላል። ምንጭ አለ፤ የተደፈነ ምንጭ ነው።

ገጹ ደካማ ነው ብሎ የሚወቅስ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ገጹን ሊያበረታ የሚችለው ጽሑፍ በማን ቁልፍ ሥር እንዳለ አስቀድሞ ራሱን ቢጠይቅ ይገባዋል።

7. ከአንድ ክፍል የተገኘ ልምድ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዓመታት በፊት የአማርኛ ልብ ወለድን ታሪክ በሚመለከት ኮርስ ላይ ተማሪዎቹ የጋራ ዊኪ እንዲያዘጋጁ አድርጎ ነበር። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ደራሲ ወይም አንድ መጽሐፍ መርጦ አንድ ገጽ ይጽፋል፤ የሚታረመውም ያ ገጽ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ገጾቹ ተቆጠሩ፤ ሁሉም ተማሪ አንድ አንድ ገጽ አቅርቧል፤ አንዲት ተማሪ ብቻ የራሷ ገጽ አልነበራትም። «ራሱን የቻለ ሥራ አላቀረበችም» በሚል ዝቅተኛ ውጤት ተሰጣት። ተማሪዋ ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ተመርቃ ሄደች።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያ የክፍል ዊኪ ዳግመኛ ሲታይ፣ በዚያን ጊዜ ያልተከፈተው የለውጥ ታሪክ ተከፈተ። ተማሪዋ በሁሉም ገጾች ላይ ነበረች ማለት ይቻላል። በሁለት ሆሄ ለሁለት የተከፈሉ ገጾችን አዋሕዳ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መምሪያ መንገድ ሠርታለች። በደራሲው ገጽ ውስጥ ሦስት አንቀጽ የያዘውን የልብ ወለድ ጭብጥ ወደ መጽሐፉ ገጽ አዛውራ ሁለቱን አያይዛለች። በአራት ገጾች ላይ የተምታታ ዓመት አርማለች፤ ባልታወቀው ላይ አላረመችም፤ በውይይት ገጹ «ይህ ዓመት በየትኛው አቆጣጠር ነው?» የሚል ጥያቄ ትታለች። ጥያቄውን የመለሰ የለም። በፈተናው ዋዜማ መምህሩ በክፍል ፊት «እርስ በርሱ የተያያዘ፣ እንደ አንድ መጽሐፍ የሚነበብ ሥራ ሆኗል» ብሎ ያመሰገነው ያንን ዊኪ ነው። መጽሐፍ ያደረገው ማን እንደሆነ አላየም።

ይህ ታሪክ እዚህ የቀረበው ለኑዛዜ አይደለም። ስሕተቱ የአንድ መምህር የግል ቸልታ ብቻ ቢሆን በዚህ ገጽ ላይ ቦታ ባልተሰጠው ነበር። የመለኪያው ስሕተት ነው። የመምህራን ዕድገትም፣ የተማሪ ውጤትም የሚቆጠረው በተናጠል፣ ስም በተጻፈበት ሥራ ነው። በዚህ መለኪያ ብንሄድ አለቃ ደስታም በ1948 ዓ.ም. ስላወጡት መዝገበ ቃላት «ራሱን የቻለ ሥራ አይደለም» በተባሉ ነበር።

ተቃራኒው ክርክር መሰማት ይገባዋል። የተናጠል ሥራ ካልተለካ ሰነፉ በትጉሁ ጀርባ ይደበቃል ይባላል። ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ዊኪ ከሌላው የቡድን ሥራ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ቃል እንደለወጠ ይመዘግባል። መዝገቡ ስላልነበረ አልተፈረደም፤ ስላልተነበበ በስሕተት ተፈረደ እንጂ።

8. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ የጋራ ገጽ እንደ ድርሰት ሊመዘን እንደሚችልና እንደሚገባው ለማሳየት ተሞክሯል። ሚዛኑ ግን ከተናጠል ድርሰት ሚዛን ይለያል። የተናጠል ድርሰት በገጹ ውስጥ ባለው ይመዘናል፤ የጋራ ገጽ ግን በውስጡ ባለው ድምፅና ማስረጃ፣ ከሌሎች ገጾች ጋር ባለው ትስስርና ከጀርባው ባለው ታሪክ ይመዘናል። በዚህ ሚዛን ሲታዩ የአማርኛው ዊኪፔዲያ የሥነ ጽሑፍ ገጾች ከይዘት ይልቅ በአደረጃጀት የተጎዱ ናቸው፤ ምሳሌዎቹ ተበትነዋል፣ ስሞቹ በሆሄ ተከፋፍለዋል፣ ዘመናቱ ለመምታታት ተጋልጠዋል። ጥፋቱ የፈቃደኞቹ አይደለም። እነርሱ ያለ ደመወዝና ያለ ምስጋና ያኖሩት መሠረት ባይኖር የምንተቸውም ባልኖረ።

ከዚህ በመነሣት ሦስት አሳቦች ይቀርባሉ። የትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ጽሑፎችን በጸሐፊዎቹ ፈቃድ ለንባብ ይክፈቱ፤ ይህ ከሁሉ ይቀድማል። የሥነ ቃልና የልብ ወለድ ኮርሶች ከአዲስ ገጽ ይልቅ ያሉትን ማስተካከል እንደ ሥራ ይስጡ። መምህራንም ውጤት ሲሰጡ የለውጡን ታሪክ ያንብቡ።

ተማሪዋ በውይይት ገጹ ላይ የተወችው ጥያቄ አንድ ስለተተረጎመ ልብ ወለድ የታተመበት ዓመት ነበር። መጽሐፉ ከመደርደሪያ ወርዶ ታየ፤ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። መልሱ ከጥያቄዋ ሥር ተጽፏል።